በልኩ የመጣ መጋረጃ

ከተማችን ሞልታለች ተብሎ በሯ ከተዘጋ ወዲህ፣ አንድ ነዋሪ ካልሞተ ሌላ ሰው አይገባም። የሟቹን ቦታ የሚወስደውም ዘመዱ ነው። ስለዚህ ባሌን ደምመላሽን የልብ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥለው፣ ለበዓል እንኳን ደውላ የማታውቀው የወንድሙ ልጅ ዝናሽ፣ የአንድ ቀን የጥየቃ ፈቃድ አውጥታ ከገጠር ከች አለች።

«ወይኔ አጎቴን!» እያለች አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ሐኪሞቹ ስንት ቀን አሉ?» አለችኝ። እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ድሮ በሽተኛ የሚጠየቀው ብርቱካን ተይዞ ነበር። እሷ መጋረጃ ይዛ መጣች።

«ለእርስዎ ስጦታ ነው፣ እትዬ» ብላ ወንበር ላይ ወጥታ ሰቀለችው። የመኝታ ቤታችን መስኮት ላይ ልክክ አለ። ባለፈው ሳምንት መታመሙን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቪዲዮ ስትደውል «ቤታችሁ ናፈቀኝ፣ እስቲ አሳዩኝ» ያለችን ለካ ለዚህ ኖሯል!

ይሄኔ ደምመላሽ ቀና ብሎ ተቀመጠና፣ «ሽሮ የለም እንዴ? ራበኝ እኮ» አለ።

የዝናሽ ፊት ጠቆረ። ከወንበሩ ሳትወርድ መጋረጃውን መፍታት ጀመረች።

«ተይው ልጄ» አላት ባሌ፣ «መልሰሽ ስትሰቅይው ትደክሚያለሽ።»