ጋሽ መቆለፊያ ሥልጠና የወሰደ ዕለት

የስፌት ቤቱን ዘበኛ ሴቶቹ «ጋሽ መቆለፊያ» ይሉታል። ባዶ ባልዲ ሳይቀር ይቆልፋል። ነፋስ እንኳ በበር ሽንቁር ሲገባ «ማንን ፈልገህ ነው?» ሳይለው አያሳልፍም ይባላል።

እንዲህ የሆነው ወዶ አይደለም። አምና አንድ ሰውዬ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ መጥቶ «ለባለቤቴ ምሳ ይዤላት ነው» አለው። ዘበኛችን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «እንዲህ ያለውን ባል ያብዛልን!» ብሎ መረቀው። በምሳ ዕቃው ውስጥ የነበረው ግን ምሳ አልነበረም።

ሰውዬው ታሰረ። ከሱ ሸሽታ የመጣችው ሚስቱ፣ ሳቂታ የሚሏት ልብስ ሰፊ፣ ቀኝ እጇ መቀስ መጨበጥ ተወ፤ ዛሬ በግራዋ ትሠራለች። «ተወው ጋሼ፣ አንተ ምን በወጣህ!» ብላ ይቅር ብላዋለች። ይቅርታዋ ግን እንደ ጠባብ ጫማ ነው፤ በተራመደ ቁጥር ያመዋል። ግራ እጇ መርፌ ሲስት ባየ ጊዜ ሁሉ የሚቆለፍ ነገር ፍለጋ ይወጣል።

በቅርቡ ደግሞ ዝምተኛዋ የሚሏት አዲስ ሠራተኛ መጣች። እሷም ከባሏ ሸሽታ ነው። «ከመሬት ሥር ብትገቢ አወጣሻለሁ» ብሏታል። መልኩን ከሷ በቀር ያየው የለም። ወንድ ወደ ግቢው ሲገባ ከሰማች መተኮሻ ክፍል ገብታ ከካውያው ጋር ትቀመጣለች። ጋሽ መቆለፊያ «ይቺን ደግሞ ካስነካሁ መሬት አትቀበለኝ!» ብሎ ምሏል።

የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬም መላ ዘየደች። «ዛሬ ጠዋት የአጥቂ ምልክት የሚያስተምር አሠልጣኝ ይመጣል፤ ደህና አድርጋችሁ ተቀበሉት» ብላ ጨርቅ ልትገዛ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሸሚዙን በወጉ የተኮሰ፣ ባዶ እጁን የሆነ ሰው ቆሟል። ጋሽ መቆለፊያ ደስታ አፉን ቀደመው።

«አሠልጣኙ ነህ አይደል? ዓይናችን እስኪፈስ ስንጠብቅህ!»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ነኝ» አለ።

ሴቶቹ ማሽናቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አሠልጣኙ በጉ የጠፋበት እረኛ መንጋውን እንደሚያይ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየና ጀመረ። ትምህርቱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የተቀዳ ነበር።

«አጥቂ እያገሳ አይመጣም» አለ። «መጀመሪያ ሰው ያስለምዳል፣ መውጫ መግቢያውን ያጠናል። ከዚያ የሚፈልጋትን ከሰው ይነጥላል። እጁን የደበቀ፣ በሙቀት ካፖርት የደረበ፣ በር በር የሚያይ ሰው ካያችሁ አትዘናጉ።»

«ይሄማ ባለፈው የለከፈኝ ሰውዬ ነው!» አለች አንዷ።

«አንቺንማ ከለከፈ ዓይን ሐኪም ውሰጂው» አለች ሳቂታ፤ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ጋሽ መቆለፊያ ግን አልሳቀም። እያንዳንዱ ቃል እንደ ሚስማር ይገባበት ነበር። «ይህን አምና ባውቅ ኖሮ!» እያለ፣ አሠልጣኙ የጠየቀውን ሁሉ ከልቡ መለሰ። የኋላ በር አለ? አለ። የማን ቁልፍ ይከፍተዋል? የኔ። ሁላችሁም እዚህ ናችሁ?

«አንዲት ቀርታለች» አለ። «መተኮሻ ክፍል ናት። ሰው ትፈራለች፣ አይፈረድባትም።»

«አይፈረድባትም» አለ አሠልጣኙ በለሆሳስ።

ይኼኔ ጋሽ መቆለፊያ በመስኮት ወደ ውጭ ቢያይ ደሙ ቀጥ አለ። ድንጋይ በሚያቀልጠው ፀሐይ አንድ ግንድ የሚያክል ሰውዬ ፍራሽ የመሰለ ካፖርት ለብሶ ይንቆራጠጣል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በሩን ያያል፣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ተመልሶ በሩን ያያል።

«መጣ! ባሏ መጣ!»

አሠልጣኙም ጠጋ ብሎ በመስኮት አየ። ጥቂት አሰበና «ምልክቱን ሁሉ አሟልቷል» አለ። «አንተ ሂድና ያዘው። ሴቶቹን እዚህ ቆልፍባቸው፣ ለደኅንነታቸው ነው። ቁልፎቹን ስጠኝና ያቺን ልጅ በኋላ በር ላውጣት።»

ጋሽ መቆለፊያ ሳቂታን አያት። ሳቂታ ግራ እጇን በቀኟ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀችለት። ሴቶቹን ቆለፈባቸው፤ ቁልፎቹን እንዳሉ ለአሠልጣኙ ሰጠና ወጣ።

እንዴት እንደሮጠ መንገዱ ይናገር! ካፖርታሙን በወገቡ አቅፎ አነሣው፤ መሬቱ እስኪያቃስት ጣለው፣ ደረቱ ላይ ጉብ አለበት። ሰውዬው አንዳች ሊል አፉን ሲከፍት በክርኑ ዘጋበት። ኪሱን በረበረ። ቢላዋ!

ጋሽ መቆለፊያ ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለለው። ዕንባው በጉንጩ ወረደ። «አላስነካኋትም!» ብሎ ወደ ስፌት ቤቱ ጮኸ። «ሳቂታዬ፣ ይኸው ዛሬ አላስነካኋትም!»

ከዚያ ቢላዋውን አገላብጦ አየው። እንጨት ነው። ካፖርቱንም ዳሰሰው፤ ለዱላና ለውጊያ ማለማመጃ በጥጥ የተጠቀጠቀ ነው።

ካፖርታሙ አፉን ከክርኑ አላቀቀና «ይቅርታ ወንድሜ» አለ እያለከለከ፤ «በሩ ጠፍቶብኝ አረፈድኩ እንጂ፣ እትዬ የቀጠረችኝ አሠልጣኝ እኔ ነኝ።»