ቄሱን አውጡ

ቄሱ በመጀመሪያው ጥይት ቆስለው ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ምእመናኑ ኮት አልብሰው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ሥር ደበቋቸው። «ቄሱን ካላወጣችሁ አንዳችሁም አትተርፉም!» ሲል ጮኸ ከታጣቂዎቹ አንዱ።

በሩን ሊጠግን የመጣው አናጢ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። ከምእመናኑ መካከል የነበረችው ሚስቱ ክው አለች። ታጣቂው የአናጢውን ሸካራ እጅ በጥርጣሬ አየና ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ፣ እውነት ይሄ ነው ቄሱ?»

አይደለም ብትል ባሏ ይተርፍላታል፤ አግዳሚው ሥር ግን ይፈተሻል። አናጢው በዓይኑ ለመናት። ዕድሜ ልኳን «አንተ» ስትለው የኖረችው ሰው ፊት ሄዳ አጎነበሰች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለችው።

እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አለ፤ «ልጄ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

ታጣቂዎቹ ይዘውት ወጡ። ተኩሱ ሲሰማ እንዳጎነበሰች ነበረች፤ ቀና ልበል ብትል አንገቷ እምቢ አላት።