የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ በሮች

በድሉ አምቦ የገባው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። አዲሱ የጤና ምርምር ሕንፃ አልቆ፣ ሳይከፈት ቆሟል። የእሱ ሥራ የሃያ አራቱን ክፍሎች ቬንቲሌሽን፣ የአየር ዝውውሩን፣ ፈትሾ ማስረከብ ነበር። በባዶው ሕንፃ ውስጥ ከአየር ማራገቢያዎቹ ድምፅ በቀር የሚያናግረው አልነበረም።

ሥራውን የጀመረው ፉፋ ታኅሣሥ ላይ ሞቷል። የሞላቸውን ቅጾች ያመጣችው ሚስቱ ሃዋኒ ናት። ቀና ብላ እያየችው ከምሳ ዕቃ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ወረቀቶች ጫፋቸውን ወጥ ነክቷቸዋል።

የተቋሙ ተወካይ ኦቦ ሌታ የዘጠኙን ቅጾች ቀን አየና ሳቀ። "ኅዳር? ሰውዬው ከጥቅምት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበር። ተኝቶ የአምቦን ነፋስ ለካ በሉኛ።"

"ሐሰት ከሆነስ?" አለ በድሉ።

"ስሙ ከርክክቡ ሰነድ ይሠረዛል፤ ሌላ ምን አለ።"

"ቁጥሩ ውሸት አይደለም" አለች ሃዋኒ።

"አዴ ሃዋኒ፣ በምን ያውቃሉ?" ሲል ጠየቃት በድሉ።

"አውቃለሁ። ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ በሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው። እስኪገጥም ይጠብቁ።"

ፉፋ ቤቱ ገብቶ ስለ በር ያወራ ነበር ማለት ነው፣ ሲል አሰበ በድሉ። እሱ እንዲህ የሚያወራው ሰው አልነበረውም።

ዘጠኙን ክፍሎች እንደገና ለካ። አየሩ ከኮሪደሩ ወደ ክፍሉ መሳብ አለበት፤ ወደ ውጭ ካመለጠ በሽታ ይዞ ይወጣል። ቅጹ ላይ እንደተጻፈው፣ ፉፋ ከመሣሪያው በፊት በየበሩ ጠርዝ የነጠላ ክር እያንጠለጠለ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ያይ ነበር። ክሩን የያዘበት ቦታ በእርሳስ ተጭሯል። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት በሮች ጭረቱ ከበድሉ ግንባር ትይዩ ነው። በመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ከደረቱ አያልፍም።

በሽታው እንዲህ አጉብጦት ኖሯል። በድሉ ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳረፈ።

የስምንቱ ክፍሎች ልክ ከቅጹ ጋር አንድ ሆነ። የአሥራ ዘጠኝ ግን አልሆነም። የሃዋኒ ምክር ትዝ አለውና በሩ እስኪገጥም ጠብቆ ደገመው። ትክክል መጣ።

ሰነዱ ላይ "ፈታሽ፦ ፉፋ" ብሎ ጻፈ። ሃዋኒ ስሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ባዶውን ምሳ ዕቃ ብብቷ ሥር ይዛ ብቻዋን ወጣች።

በድሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዘበኛውን ኦቦ ኦሊቃን ሊሰናበት የግቢው በር ላይ ቆመ።

"ፉፋ ጀግና ሰው ነበር፣ ኦቦ ኦሊቃ። ጎብጦም ቢሆን እየተመላለሰ ጨርሶታል።"

"ላኪ፣ እንዲያ አይደለም፣ ኢንጂነር፣ ፉፋስ ከጥቅምት ወዲህ በዚህ በር አላለፈም" አለ ኦሊቃ፤ "ምሳ ዕቃው ግን በአዴ ሃዋኒ እጅ ሳይገባ የቀረበት አንድም ቀን የለም።"