የአንድ ራት ቃል

ልጆች ጆሮ ውስጥ መዝገበ ቃላት መትከል ከተጀመረ ወዲህ፣ መምህር አጥናፉ ያስተምረው የነበረው የቃላት ትምህርት ቀርቷል፤ እሱም ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሯል። አንድ ልጅ የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ትርጉሙና አመጣጡ እዚያው ጆሮው ላይ ይነገረዋል። ማንንም አይጠይቅም። የአጥናፉ ልጅ ምንታምርም አባቷን አንድም ቃል ጠይቃው አታውቅም።

ራት ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ዝርንቂቷን ለእኔ ተዪልኝ» አላት፤ ቃሉን እዚያው ፈጥሮት ነው።

ምንታምር ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ጆሮዋ ዝም አለባት። ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ዝርንቂት ምንድን ነው?»

መልሱን አላሰበበትም ነበር። ድስቱን ሳብ አድርጎ ጠርዙ ላይ የደረቀችውን ሽሮ አሳያት። «ይቺ ናት። ስሟን ያወጣችላት አክስቴ ናት፤ በማንኪያ ስትፍቃት የምታሰማውን ድምፅ ሰምታ።»

«እስቲ እኔ ልፋቃት!»

ፋቀች፤ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤ ሳቀች። ከዚያ ስለ አክስቱ ጠየቀችው። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ አወሩ።

መዝገቡ ግን የሰማውን አዲስ ቃል ሁሉ ሌሊቱን ይጨምራል። በማግስቱ ራት ላይ፣ «ዛሬስ ዝርንቂቷ የማን ናት?» አላት።

«ድስት ጠርዝ ላይ የደረቀ ሽሮ፤ መነሻው የመፋቅ ድምፅ» አለች፣ ቀና ሳትል። መብላቷን ቀጠለች።

አሁን አጥናፉ ከሥራ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ዳቦ ይዞ እንደሚገባ፣ እሱ አዲስ ቃል ይዞ ይገባል። አንዱ ቃል ከአንድ ራት አያልፍም።