ለቤቱ በሩን ማስረዳት

ዘንድሮ ቤት ሁሉ ይሰማል፣ ይናገራል፤ የሚያውቀው ግን የነገሩትን ብቻ ነው። በአባባ በር ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳም ለቤታቸው ማስረዳት የኔ ሥራ ሆነ።

«አራት ረድፍ ነው፤ በየረድፉ ሦስት ቁልፍ አለ» አልኩት። «ደግሞ አባባ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ይጫናሉ።»

«ገባኝ» አለ ቤቱ።

አባባ ሊሞክሩት ወጡ። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለቴ ተጫኑና በሩ ተከፈተ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለ ቤቱ።

ለካ «ይጫናሉ» ስለው አክብሮቴ አልገባውም፤ ሁለት ሰው መስሎታል። «አንድ ሰው ናቸው እኮ፣ አንተ ደነዝ!» ልለው ስል አባባ እጄን ያዙኝ።

«ተይው የኔ ልጅ» አሉ ፈገግ ብለው። «እናትሽ ካረፈች ወዲህ ‹መጣችሁ› ብሎ የተቀበለኝ የለም።»