አራት ጣት የተከፈተ መስኮት

መስኮቱ አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ነበር፤ የክፍሉ ሙቀት አሥራ አንድ ዲግሪ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን እንድታቀራርብ በማደሪያው የተመደበችው አማካሪ ተማሪ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይህ የሳምንቱ አራተኛ ጠብ በመሆኑ ጉልበቷ ዝሏል። ሁለቱ ልጆች የክፍል መለያያ ቅጹን ከፈረሙ ጉዳዩ ያበቃል።

«እህቴ፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ ሥጋ አይደለሁም፤ ፍሪጅ ውስጥ አልኖርም!» አለ ከሁለቱ ረጅሙ፣ የአገሩ ልጅ የሆነው፤ ፈርሞም እስክሪብቶውን ከሌላ አገር መጥቶ መስኮቱን አላስዘጋ ላለው እንግዳ አቀበለ።

እንግዳው እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አስቀመጠ። «ያሳደገኝ አጎቴ ሞቷል» አለ። «በእኛ ቤት ሰው ሲሞት መስኮት ሠላሳ ቀን አይዘጋም።»

«ታዲያ ይኼን ውጠህ ትቀመጣለህ? አንተ ድንጋይ!» አለ ረጅሙ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ይህን ያለው አማካሪዋን እያየ ነበር። እሷማ ጠይቃው ነበር፤ በመግቢያው ሳምንት ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ባንዲራው ሃያ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አስሞልታዋለች። ስለ ሐዘን የሚጠይቅ ግን አንድም አልነበረም።

«ስንት ቀን ቀረህ?» አለ ረጅሙ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

ረጅሙ ቅጹን ቀደደው። አሥራ ዘጠኙንም ሌሊት ካፖርቱን እንደለበሰ ተኛ፤ ሁለት ጊዜ ጉንፋን ያዘው።