የአንድ ሰው ቡና

አቶ ደግፌ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ባረፉ በሳምንቱ፣ የቤታቸው የቡና መፍጫ የሚፈጨውን በግማሽ ቀነሰ። ቡና ከተመናመነ ወዲህ መፍጫ ሁሉ የሚፈጨው በመዝገብ ላይ ባለው ነዋሪ ልክ ነው፤ በእሳቸው ቤት አሁን የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መፍጫውን ታቅፈው ሱቅ ሄዱ። "ሰው የማይቆጥር መፍጫ አምጣልኝ" አሉት ሻጩን።

"ሁሉም ይቆጥራሉ አባባ። ይሄኛው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ያኛው ደግሞ አድቅቆ ይፈጫል።"

"ለቅሶ የመጣብኝን ሰው ምን ላጠጣው ታዲያ?"

"መመሪያው እንግዳ የራሱን ይዞ ይምጣ ነው የሚለው።"

"የራሱን ይዞ የሚመጣማ እንግዳ አይደለም፣ መንገደኛ ነው!" ብለውት ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ከአገር ቤት የተመለሱት ጎረቤታቸው ወይዘሮ በለጡ "እግዜር ያጥናዎ" እያሉ ገቡ። መፍጫው የአንድ ሰው ቡና ፈጭቶ "የዛሬው ድርሻዎ አልቋል" ሲል፣ አቶ ደግፌ ሶኬቱን ነቀሉት። ያችኑ አፍልተው ለሁለት ሲኒ አካፈሏት።

ወይዘሮ በለጡ ቀምሰው ሲኒውን አየት አደረጉት።

"ውሃ ነው፣ አውቃለሁ" አሉ አቶ ደግፌ። "ግን ዘርፌ ከዚህ ቤት ሰው ቡና ሳይጠጣ ሲወጣ አይታ አታውቅም።"